ሽማግሌ ሳይሆን በረኛ ነው የጠየቅኩህ

ውድ ዘውዱ፣

ሽማግሌዎችህ እሁድ ዕለት ደርሰዋል። ሦስቱም ደህና ናቸው። አባቴ ወንበር አወጡላቸው፣ እናቴ ጠላ ቀዳችላቸው፣ እኔ ጓዳ ግቢ ተባልኩ፣ ገባሁ። መጋረጃው ስስ ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጠኝም። «ልጃችን ጨዋ ነው» አሉ መሪጌታ አስረስ፣ «መምህር ነው፣ ደሞዘተኛ ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ሰው አስቀይሞ አያውቅም።» እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ በመጋረጃው ሥር እግሯን ሰዳ ቅልጥሜን አለችኝ። እሷ እንኳ ከኔ የተሻለ ምት አላት።

እውነታቸውን ነው። አንድ ሰው አስቀይመህ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በየማለዳው ስመታብህ፣ አንዲት ኳስ እንኳ አስቀይመህ አታውቅም።

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፣ ብዙ አትደሰትበት። ደውዬ ልጮህብህ አስቤ ነበር። ግን አውቅሃለሁ። ገና «ሄሎ» ስል «እሺ ብዙዬ» ትላለህ። ምኑ ነው እሺ? ምን አልኩና ነው እሺ? ከዚያ ድምፅህ ይለሰልሳል፣ የኔም ንዴት ይላላል፣ ስልኩን ስዘጋው ልል የነበረውን አንዱንም አላልኩም። ወረቀት እሺ አይልም። ሙላቴ ሚኒባሱን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ሲያልፍ ገሳይ ላይ ይሰጥሃል። እስከ መጨረሻው አንብበው።

የረሳኸው ካለ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አጎቴ ማሩ ጎሚስታ ቤት የመጣኸው የቡድናችሁን ኳስ ይዘህ ነበር፣ አየር እያፈሰሰች። «ኳስ ይጠገናል?» አልክ። «አየር የሚገባበት ሁሉ ይጠገናል» አልኩህ። ለጠፍኩልህ፣ ነፋሁልህ፣ አየር እንዳታፈስ ልሞክራት ብዬ ወደ መንገዱ መታኋት። አንተ ሮጠህ አመጣሃትና «አንቺ ልጅ እግር አለሽ» አልከኝ። እኔ ለከተማው የሴቶች ቡድን እጫወት ነበር፣ ጎልም አገባ ነበር፣ ግን ያንን እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናም በረኛ ሆነህ ቁምልኝ አልኩህ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራ ሳልገባ በማለዳ፣ ከከተማው በታች ጋፋትን ፊት ለፊት በሚያየው ሜዳ ላይ፣ እኔ ስመታ አንተ ስትዘል። መዝለል ካልነው።

እኔ ደግሞ የማደርገውን የማውቅ መስሎኝ፣ ጎማ ቤት አድጌ የለ፣ የአይሱዙ ጎማ በገመድ ወገቤ ላይ አስሬ የጋፋትን ዳገት መጎተት ጀመርኩ። እግር ከጠነከረ ምት ይጠነክራል ብዬ ነው። ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች ሳያዩኝ አላለፉም። አንዱ «ብዙነሽ፣ ሴባስቶፖልን ነው የምትጎትቺው?» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ «መቅደላ ስትደርሺ ደውይልን» አለ። እኔ ግን እየሳቁብኝ ጎተትኩ። ጭኔ ወፈረ። ሱሪዎቼ እምቢ አሉ። አንተም ሁልጊዜ ማለዳ «ኧረ ምትሽ ጨምሯል፣ እጄን አቃጠልሽው» ትለኝ ነበር። እጅህን እያራገብክ። ያን ማራገብ ሳስታውሰው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጥሩውን ነገር ልንገርህ፣ ይህን በተለይ ለራሴ ነው የምጽፈው። አመዳዩ ሜዳውን ነጭ ያደረገበት ማለዳ ነበር። መታሁ። አንተ ወደ ግራ ልትሸሽ ስትል አንሸራተተህና ኳሷ ግንባርህን ገጭታ ወጣች። ሳታስበው አዳንካት። ተነሥተህ ጭቃህን እያራገፍክ ምን አልከኝ? «ይቅርታ።»

ኳስ አድኖ ይቅርታ የሚጠይቅ በረኛ የት አገር አለ? እዚያው ላይ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ደደብ አይደለሁም፣ ታውቃለህ፣ ከማንም ጋር ተከራክሬ አልረታም። ግን ስቄ አለፍኩት። ለምን እንዳለፍኩት ብትጠይቀኝ፣ ጎል ማግባት ደስ ይለኝ ስለነበር ነው። ሰው ደስ የሚለውን ነገር አይመረምርም። ይህቺን ጥፋት ለኔ ቁጠራት። ሌላው ሁሉ ያንተ ነው።

በግንቦት ባሕር ዳር የሴት ተጫዋቾች ምልመላ ሲጠራ፣ ዋዜማው ላይ «ስትመለሺ የምነግርሽ ነገር አለ» አልከኝ። ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት።

እዚያ የሆነውን አንተ ያወቅከው በደምሳሳው ነው፣ አሁን ጠቅላላውን ስማው። ከአሥራ ስድስት ከሃምሳው መስመር ላይ አምስት ኳስ ለእያንዳንዳችን። ጎሉ ላይ የቆመችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፣ ክንዷ እንደ ሸንበቆ። አሳዘነችኝ። እውነቴን ነው፣ እንዳልጎዳት ብዬ አዘንኩላት። የመጀመሪያዋን መታሁ፣ ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ሁለተኛዋን በአንድ እጇ። ሦስተኛዋን እጇንም አላነሣችም፣ በእግሯ አብርዳ መልሳ ሰጠችኝ። ለኔ ዘውዱ፣ መልሳ ሰጠችኝ፣ እንካ እንደሚባል ልጅ። አራተኛዋንና አምስተኛዋን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።

አሠልጣኙ ጠጋ አለኝ። «ማነው ያሠራሽ?»

«አንድ በረኛ አለ፣ ከሱ ጋር ነው የምሠራው።»

«ጥሩ በረኛ ነው?»

«ከገሳይ እስከ ወረታ እንደሱ የለም።»

«ከዐሥሩ ስንቱን ያድንብሻል?»

«የኔን ኳስማ ማንም አያድንም» አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት። ያቺ ቀጭን ልጅ አጠገባችን ቁጭ ብላ የታኬታዋን ክር እያሰረች ነበር፣ ቀና አላለችም፣ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሰውየው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «እግርሽ የአይሱዙ ነው» አለኝ፣ «ምትሽ የብስክሌት ነው። ኅዳር ላይ ሌላ ምልመላ አለ። እስከዚያ ሂጂና የሚያድንብሽ በረኛ ፈልጊ።»

ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመርኩ። አንተ ለወንዶቹ ቡድን ስትጫወት የምታድነውን አይቻለሁ፤ ወንድ የመታውን ከማዕዘን ላይ ታወጣለህ። የኔን፣ እዚያው ሆድህ ሥር የምታልፈውን፣ አንድ ቀን አትደርስባትም። ስወርድ በቀጥታ ትንሣኤ ቤት ሄድኩ። የቡድናችን በረኛ ናት፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍን፣ ስለዚህ ከሷ የሚገኝ ፈተና አልነበረም። «ዘውዱ ሆን ብሎ ነው እንዴ የሚለቅልኝ?» አልኳት።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ፣ «ይህን አሁን ነው የምትጠይቂው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ቡድኑ ሁሉ ያውቃል። የወንዶቹም ያውቃል። ዳቦ የምትሸጠዋም ታውቃለች። እኛማ ተነጋግራችሁ መስሎን ነው።»

በማግስቱ ጎሚስታ ቤት መጣህ። ጠየቅኩህ። አልዋሸህም፣ ያንን ልመስክርልህ። መሬት መሬት እያየህ «ደስ ሲልሽ ደስ ይለኛል» አልክ። ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብለህ፣ «ተስፋ ቆርጠሽ መምጣት ብትተዪስ ብዬ ፈርቼ ነው።» እኔ፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ መልስ የማላጣው፣ የጎማ መዶሻውን አነሣሁ። አጎቴ ማሩ ናቸው ያዘኑልህ፣ «በል ዛሬ ሂድ ልጄ፣ መዶሻው እጇ ላይ ነው» አሉህ። ሄድክ። መስከረም ላይ ደግሞ ገሳይ ተመደብክና ጭራሽ ሄድክ።

ያኔ ያልጠየቅኩህን አሁን ልጠይቅህ። ባሕር ዳር እንዳልፍ ፈልገህ ነበር? ከልብህ? ወይስ ወድቄ እንድመለስልህ ነው? መልሱን አንተም የምታውቀው አይመስለኝም። አንተ ክፉ አይደለህም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ለኔ ይቀለኝ ነበር፣ ሰድቤህ እገላገል ነበር። ደግ ሆነህ ነው የሁለት ዓመት ማለዳዬን የበላኸው። ሰው በደግነቱ ሲበድልህ ማን ጋ ትከሰዋለህ? መሪጌታ አስረስ ጋ?

እንግዲህ አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን የሚነግርህ ሰው ስለሌለ እኔው ልንገርህ። ከሄድክ በኋላ ስልህ ከሜዳው ከሄድክ ማለቴ ነው። የምነግርህ የነሐሴውን ነው። ዝናቡ ሜዳውን ረግረግ አድርጎት ስለነበር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጎሚስታ ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮንቴይነር እመታ ነበር። ዱብ። ዱብ። ዱብ። አያ ይሻውን ታውቃቸዋለህ፣ የጋፋቱን ገበሬ። የጋሪያቸውን ጎማ ሊያስለጥፉ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያች ኳስ ምን በድላሽ ነው የምትገፊያት?»

«እየመታኋት ነው አያ ይሻው።»

«እየገፋሻት ነው። እኔ በሬዬን እንዲህ ብገፋው ቆሞ ያየኛል።»

ንዴቴን ታውቀዋለህ። «እስቲ እርስዎ ይምቷት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየው ግን ጅራፋቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። መጀመሪያ ክንዳቸውን አድርቀው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ወደፊት ሰደዱት። ጅራፉ እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ወደቀ። «ይኸ ያንቺ ነው» አሉ። ቀጥለው ግራ እግራቸውን ተከሉ፣ ወገባቸውን ዞር አደረጉ፣ ክንዳቸው ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ እጃቸውን ቀጥ አድርገው ያዙት። ጅራፉ ሲጮህ መንገድ ላይ የነበረ ባጃጅ ጎማው የፈነዳ መስሎት ቆመ። አጎቴ ማሩ «ና ግባ፣ እናየዋለን» አሉት።

«ጉልበቱ የት አለ?» አሉኝ አያ ይሻው።

«ክንድዎ ላይ።»

«የቱ ክንድ? ይኸ ነው?» እጅጌያቸውን ሰበሰቡት። አጥንት ነው፣ ሥጋ የሚባል የለበትም። «ከእግሬ ሥር ይነሣል፣ በወገቤ ያልፋል፣ እጄ ቀጥ ሲል ጫፉ ይሮጣል። እጄ አብሮት ልሩጥ ካለ ጫፉ ምን አስቸኮለኝ ብሎ ይተኛል። አንቺ መላ አካላትሽ አብሮ ይሮጣል። ከማን ልትሸሺ ነው?»

ሁለት ዓመት ጎማ የጎተትኩት ለመግፋት ነበር፣ ገባህ? እግሬን መግፋት አስተማርኩት። ቀስ ብሎ፣ ከባድ ነገር፣ ዳገት ለዳገት። ከዚያ ኳስ ፊት ሳቆመው የለመደውን አደረገ፣ ገፋ። ምት ሌላ ነገር ነው። ያንን የነገሩኝ ኳስ ነክተው የማያውቁ ገበሬ ናቸው። አንተ፣ በየማለዳው ፊት ለፊቴ የቆምከው፣ ኳስ እንዴት እንደምትመጣ ከማንም በላይ የምታውቀው፣ «እጄን አቃጠልሽው» ስትለኝ ኖርክ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ «ብዙዬ፣ ይህቺ ኳስ ቀሽም ናት» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ጎማውን ለአጎቴ መለስኩላቸው። ከሀ ጀመርኩ። የምትቆመውን እግሬን ከኳሷ ጎን፣ አንድ ጫማ ያህል ርቀት ላይ መትከል። ድሮ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር የምትቆመው። ዳሌዬን ቀድሞ ማዞር። ጭኔን መስደድና፣ ልክ ኳሷ ጋ ሲደርስ ጭኔን መያዝ፣ ከጉልበቴ በታች ያለው እንዲወነጨፍ። የእግሬን ጣት ወደ ታች ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚቴን ድርቅ ማድረግ፣ ሌላውን አካሌን ግን መፍታት። ስትሰማው ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ኳሷ አንዴ ጎረቤት ጣሪያ ላይ፣ አንዴ ቦይ ውስጥ፣ አንዴ የደንበኛ ጭንቅላት ላይ ነበረች። የአውራ ጣቴ ጥፍር ወለቀ። ብሽሽቴ ታመመ። እንደገና ልጅ የሆንኩ ያህል ምት ተማርኩ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን መታሁ። ምንም ኃይል ያወጣሁ አልመሰለኝም፣ ቀላል ነበረች፣ እንዲያውም ሳትኳት ብዬ ነበር። ኮንቴይነሩ ሲጮህ ውስጥ የተደረደሩት ቸርኬዎች ተናዱ። አጎቴ ማሩ ሻያቸውን ደፍተው ወጡ። «ምን ገጨን?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ኮንቴይነሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ከነገ ጀምሮ ወደዚያኛው ግድግዳ ምቺ፣ ይህ የኪራይ ነው» ብለው ገቡ።

ግን ዘውዱ፣ ኮንቴይነር አይዘልም። ትልቁ ችግሬ ይኸ ነው። ጮኸ ማለት ገባ ማለት ነው? ያቺ ቀጭን ልጅ ብትቆም ታቅፋት ይሆን? አላውቅም። ትንሣኤ ዓይኗን ትጨፍናለች። የወንዶቹ ተጠባባቂ በረኛ አንዴ ቆመልኝ፣ ከሁለተኛው ኳስ በኋላ «ትምህርት አለኝ» ብሎ ሄደ፤ ፈርቶ ይሁን ተሰላችቶ ማን ይንገረኝ? ምልመላው ኅዳር አሥራ አራት ነው። የሚቀበሉት እስከ ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ እኔ ጥር ላይ ሃያ ሦስት እገባለሁ። ከዚህ በኋላ ሌላ ኅዳር የለኝም። ዳግመኛ ራሴን አታልዬ ባሕር ዳር መሄድ አልችልም። ያንን መንገድ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሁለተኛ አልወጣውም።

ለዚህ ነው ከሦስት ሳምንት በፊት መልእክት የላክኩልህ። አጭር ነበረች፤ «ቅዳሜ መጥተህ ጎል ላይ ቁምልኝ።» አንተ ምን አደረግክ? ሽማግሌ ላክህ። በረኛ ጠይቄህ ሦስት ሽማግሌ፣ አንዱም ስልሳ ዓመት ያልሞላው የለ። ማንኛቸውን ነው ጎል ላይ የማቆመው?

የላክህበትን ምክንያት አውቃለሁ። ቀለል ያለውን መረጥክ። ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይዳፈናል፣ ይቅርታውም ያልፋል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ቀን ይቆረጣል። ከዚያ እኔ ምግብ ሳበላሽ «ኧረ ይጣፍጣል» ትለኛለህ። ስሳሳት «ልክ ነሽ» ትለኛለህ። ዕድሜዬን በሙሉ ስመታ ዕድሜህን በሙሉ ትለቅልኛለህ፣ እኔም አንድ ቀን ሰው ፊት ወጥቼ እንደገና አፍራለሁ። ይህን ነው የፈራሁት። እሺ ያላስባለኝ ጥላቻ እንዳይመስልህ። እንዲያውም ካልደበቅኩህ፣ ማለዳ ማለዳ ሜዳው ላይ ስደርስ ጎሉ ባዶ ሲሆን ያስጠላኛል። ከኮንቴይነሩ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። እሱም እንዳንተ አይመልስም።

አባቴ ለሽማግሌዎቹ «ልጅቷን እናማክር» ብለው ለመጪው እሁድ ቀጥረዋቸዋል። እኔ ደግሞ አንተን ለቅዳሜ ቀጥሬሃለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሜዳው ላይ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ከያዝክ ትደርሳለህ። ጓንትህን አድርገህ፣ ለፋሲካ ዋንጫ እንደምትቆመው ሆነህ። ሃያ ኳስ እመታብሃለሁ።

እንዳታታልለኝ። አሁን አውቄብሃለሁ። የሚያድን በረኛ ኳሷን ነው የሚያየው። አንተ እነዚያን ሁሉ ማለዳዎች ኳሷን አይተህ አታውቅም፣ ፊቴን ነበር የምታየው፣ ደስ ይለኝ እንደሆነ። ቅዳሜ ዓይንህ ፊቴ ላይ ካረፈ፣ አንዴ እንኳ ካረፈ፣ ኳሴን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሁድ ለሽማግሌዎቹ ምክንያቱን በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ።

ሃያውንም ብታድንብኝ እናደዳለሁ፣ አልዋሽህም። ምናልባት እሰድብሃለሁ፣ ምናልባት አለቅሳለሁ። ግን ምን ያህል እንደሚቀረኝ አውቄ ወደ ኮንቴይነሩ እመለሳለሁ፣ ሦስት ሳምንት ይቀረኛል። አንዲት ብትገባ ደግሞ፣ አንተ በሙሉ አካልህ ዘለህ፣ ሆድህ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ጣትህ ሳይደርስባት ብትገባ፣ ያቺ የኔ ናት። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ ጎሌ ትሆናለች። እንደዚያ አድርጎ የቆመልኝ ሰው ስለ ትዳር ሲጠይቀኝ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።

የማትመጣ ከሆነ ግን ለመሪጌታ አስረስ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እሁድ በከንቱ ዳገት አይውጡ።

ብዙነሽ
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት